ከመልስ በኋላ የት ይገባል?

ባለፈው ጥር ጓደኛችንን ዳርናት። መዳር የወላጅ ወግ መሆኑ አልጠፋንም። ነገር ግን ሦስት ወር ሙሉ ክር ስንገዛ፣ ጠርሙስ ስናጥብ፣ ስታርች ስንበጠብጥ የከረምን ሰዎች ይቺን ቃል ለራሳችን ብንወስዳት የሚቀየመን ያለ አይመስለንም። ሠርጉ አልፏል። ሙሽሮቹም የቤት ኪራይና የውኃ መጥፋት ወሬ ጀምረዋል። እኛ ጋ ግን ከዚያ ዝግጅት የተረፈ አንድ ጥያቄ አለ፤ ዛሬ እሱን ይዘን መጣን።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ሙሽሪት ከፒንተረስት የለቀመቻቸውን ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ፎቶዎች ይዛ መጣች። ሁሉም ወንድማማች ናቸው። በጆንያ የተሸፈነ ጠረጴዛ፣ ጆንያው ላይ የተነጠፈ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የተቀመጠ አሮጌ የማርማላታ ጠርሙስ፣ ጠርሙሱ ውስጥ አንድ እፍኝ የሜዳ አበባ፣ አጠገቡ ደግሞ ዝገት ቢጤ የነካው ፋኖስ። «ቪንቴጅ ይባላል» አለችን። «ሠርጌ እንደዚህ እንዲሆን ነው የምፈልገው።» ከመሃላችን አንዱ ስልኩን ተቀብሎ ፎቶዎቹን ከላይ እስከ ታች አየና፣ «ይሄማ የአያቴ ጓዳ ነው» አለ። ሳቅን። ኋላ ላይ ስናስበው ግን በዚያ ሰሞን ከተናገርነው ሁሉ ቁም ነገር የነበረው እሱ ነው።

እንደ ማንኛውም ሰው መጀመሪያ ወደ ዴኮር ቤት ሄድን። ስሙን አንጠራም፤ ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይደለም። ባለሙያው ጨዋ ሰው ነው። «ቪንቴጅ አለን» ብሎ መጋዘኑን ከፈተልን። በጥቅል የተቀመጠ የማሽን ዳንቴል አለ፣ ናይለን ነው። ደርዘን ሙሉ «አሮጌ» ፋኖስ አለ፣ ዝገቱ ቀለም ነው። የላስቲክ አበባ የታጨቀባቸው ጠርሙሶች አሉ። ለአንድ ቀን ኪራይ የጠየቀንን ስንሰማ ሙሽሪት ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ገንዘቡ ሙሽሮቹ ለአልጋና ለሶፋ ብለው ካስቀመጡት ይበልጣል።

አባቷ ግን ሲሰሙ፣ «ልጄን አንዴ ነው የምድራት፤ ዕቁቤን አስቀድሜ አወጣለሁ፣ ካልበቃም እበደራለሁ» አሉ። ነገሩ ከፎቶ ጨዋታ ወጥቶ የምር የሆነው ያን ጊዜ ነው። የአንድ አባት የዓመት ዕቁብ፣ ማታውን ተነቅሎ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ለሚሄድ የዝገት ቀለም! «አባባ፣ ይተዉት። እኛ እንሠራዋለን» አልን። ሙያ አልነበረንም። ድፍረት ግን ሞልቶን ነበር።

*

የሙሽሪትን እናት ለማማከር ቤታቸው ሄድን። ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ፣ «እትዬ፣ ድሮ የሠሩት ዳንቴል ይኖራል?» ብለን ጠየቅናቸው። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ከአልጋ ሥር አንድ ሻንጣ ጎትተው አወጡ። በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ጋዜጣው ራሱ ሻይ የመሰለ፣ የዳንቴል ክምር። ክቡ፣ አራት ማዕዘኑ፣ ረጅሙ የቡፌ ልብስ፣ የትራስ ጠርዝ። «ይሄን ደግሞ ምን ያደርግላችኋል ልጆቼ? ሰው ፊት የሚወጣ እኮ አይደለም» አሉን። አፍረውበት ነበር።

እንዲያፍሩበት ያደረግነው እኛው ነን። የዛሬ ሃያና ሃያ አምስት ዓመት የነበረውን ቤት አስታውሱ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ነበረው። ቴፑ ዳንቴል ነበረው። የሶፋው መደገፊያና ክንዱ፣ የቡፌው መደርደሪያ፣ ስልኩ ሳይቀር ዳንቴል ለብሶ ነበር። ከዚያ ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን መጣና ዳንቴል የሚቀመጥበት ራስ አሳጣው። እኛም ትንሽ ከፍ ስንል ነገሩን «ፋራ» አልነው። ጓደኛ ይዘን ስንመጣ ከሶፋው ላይ እየገፈፍን ትራስ ሥር እንወትፈው ነበር። «ልዋጭ!» የሚለው ልጅ በር ላይ ሲደርስ፣ ከአሮጌ ልብስ ጋር ተደርቦ ለፕላስቲክ ሳፋ የሄደው የጥልፍ አልጋ ልብስ ስንት እንደሆነ እግዜር ይቁጠረው። ፋኖሱንና የቆርቆሮ ኩባያውን ደግሞ ቆራሌው ወሰደው። ዛሬ ያንኑ ዕቃ፣ ያውም አስመስሎ የተሠራውን፣ ለአንድ ቀን ለመከራየት የአባት ዕቁብ እናስወጣለን። ቆራሌው ይሄን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

እትዬን ያን ዕለት ብዙ ጠየቅናቸው። ዳንቴሉን የሠሩት ቤታቸው እንዲያምር ብቻ አልነበረም። «ሶፋ መቀየር በዚያን ጊዜ የማይታሰብ ነው። ልብሱን ግን በየበዓሉ መቀየር ይቻላል» አሉን። የወዛ ጨርቅ ይሸፍናል። አዲሱን ደግሞ ከቅቤና ከቫዝሊን ይጠብቃል። ነገሩ ከአገራችንም የሰፋ ታሪክ አለው። ዳንቴል የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ ጥርስ ማለት ነው፤ ጠርዙ ላይ የተደረደሩትን ትንንሽ ጥርሶች ልብ በሉ። የሚሠራበት ኪሮሽም እዚያው ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ደግሞ ወንዶቹ ማካሳር የሚባል የፀጉር ዘይት ይቀቡ ነበር። ዘይቱ የወንበር መደገፊያ እያበላሸ ሲያስቸግር፣ ቶሎ ታጥቦ የሚመለስ ጨርቅ መደገፊያው ላይ ማልበስ ተጀመረ። ስሙም «አንቲማካሳር» ተባለ፤ ፀረ-ማካሳር እንደማለት ነው። እኛ ቤት ማካሳር አልነበረም እንጂ ጭንቀቱ አንድ ነው። ያለህን ዕቃ ጠብቀህ አቆየው፣ እግረ መንገድህንም አሳምረው።

እኛ «ፋራ» ያልነው ጌጥ ለካ የቁጠባ ዘዴ ኖሯል።

*

«ቪንቴጅ» የተባለውን ነገር ራሱን ደግሞ እንመርምረው። በእጅ የተሠራ ዕቃ የሚሸጥበት ኤትሲ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ፒንተረስት በ2010 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፣ በጠርሙስና በጆንያ ያጌጠ ሠርግ ከአሜሪካ ተነስቶ ዓለምን ዞሯል። በየፎቶው የምታዩት ባለ ጥርስ ክዳን ጠርሙስ የሜሰን ጠርሙስ ይባላል። ጆን ላንዲስ ሜሰን የተባለ አሜሪካዊ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። የተሠራው ለአበባ አልነበረም፤ ቤተሰብ የበጋውን ፍሬና አትክልት አሽጎ ለክረምት እንዲያቆይበት ነው። አሜሪካዊቷ ሙሽራ ይህን ጠርሙስ ጠረጴዛዋ ላይ ስታስቀምጥ የአያቷን ጓዳ እያስታወሰች ነው። እኛ ግን የእሷን አያት ጓዳ እየተከራየን ነው። ጆንያውማ ይብሳል። ቡናችንን ስልሳ ስልሳ ኪሎ ጭኖ ወደ ውጭ የሚሄድ ጆንያ፣ በፎቶ ተመልሶ መጥቶ «ይሄ ነው ውበት» ይለናል።

ነጩ ዳንቴልም የራሱ ታሪክ አለው። ቬሎ የምንለው በጣሊያንኛ ዓይነ ርግቡ ብቻ ነው፤ እኛ ለሙሉ ቀሚሱ ሰጠነው። ነጭ ቬሎ በዓለም ላይ እንዲነግሥ ብዙ ካደረጉት መካከል የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 ያገባችበት ልብስ አንዱ ነው። የዚያ ሠርግ ቁም ነገር ያለው ግን ዳንቴሉ ላይ ነው። ጆን ሂትኮት የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1809 የመረብ ዳንቴል የሚሠራ ማሽን የፈጠራ መብት ካስመዘገበ በኋላ የእጅ ዳንቴል ሠሪዎች ገበያ እየወደቀ ሄዶ ነበር። ንግሥቲቱ ዳንቴሏን ዴቨን በተባለው አውራጃ ለሚኖሩ የእጅ ሠራተኞች አዘዘች። ወደ ሁለት መቶ የሚደርሱ ሴቶች እንደሠሩት ይነገራል። ትእዛዙ ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ለእንጀራቸውም ነበር።

ከዚያስ? ዳንቴሉ ከሠርጉ ጋር አላለቀም። ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1893 የልጅ ልጇ ሲያገባ ያንኑ ዳንቴል ለብሳ ተገኘች፤ ከሠርጓ ሃምሳ ሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ1901 ስትሞትም የሠርግ ዓይነ ርግቧን ለብሳ ተቀበረች። የፈለገችውን ሁሉ በየዓመቱ አዲስ ማሠራት የምትችል ሴት አንድ ዳንቴል ዕድሜዋን ሙሉ ስትለብስ፣ ደሞዝተኛው የአዲስ አበባ ልጅ የአንድ ቀኑን ተከራይቶ ይጥላል። ከንግሥቲቱ የወሰድነው ነጩን ቀለም ብቻ ሆነ ማለት ነው።

ምሳሌ ፍለጋ እንግሊዝ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ሐረር አለችልን። ግንብ የከበባት አሮጌዋ ከተማ ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍራለች። የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ጌይ ጋር የሚባለው፣ ሶፋ አይፈልግም። ከፍታቸው የተለያየ ነደባ የሚባሉ መደቦች አሉት። ግድግዳው ደግሞ በስፌት የተሞላ ነው፤ በእጅ የተሰፉ ባለ ቀለም ሰፌዶች ተደርድረው ይሰቀላሉ። እነዚህ ስፌቶች የሴቶች ሥራ ናቸው። ልጃገረዷ ስፌት ትማራለች፣ ስታገባም ስፌቷ ከጎጆዋ ጋር ይቆጠራል። ስለዚህ እዚያ የሠርግ ጌጥና የቤት ጌጥ ሁለት ነገር አይደለም። ሠርጉ የቤቱ መጀመሪያ ነው፣ ስፌቱም ግድግዳው ላይ ሆኖ ሠርጉን ያስታውሳል።

ይሄን ስናይ ነው ጥያቄያችንን ያገኘነው። ጠረጴዛ ላይ ልናስቀምጠው ያሰብነውን ነገር ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እንጠይቀው ጀመር። ከመልስ በኋላ የት ትገባለህ? መልስ ያለው ይግባ፣ መልስ የሌለው ይቅር።

*

አሁን ደግሞ ውድቀታችንን እንናገር። በእጅ የተሠራ ነገር ሲወራለት ሁልጊዜ ቀላልና ርካሽ ይመስላል። ሐሰት ነው።

ዕቅዳችን ለሠላሳ ጠረጴዛ ሠላሳ ክብ ዳንቴል ነበር። እትዬ ኪሮሹን አስያዙን። መሃሉን በሰንሰለት ገጥመህ ቀለበት ታደርጋለህ፣ ከዚያ ዙሪያውን እየቆጠርክ ታሰፋለህ። ቆጠራው አንድ ከዘለለ ዳንቴሉ እንደ ባርኔጣ ይጎብጣል። የእኛ የመጀመሪያ አምስቱ ባርኔጣ ሆኑ። እትዬ በለመደ እጃቸው አንዱን ለመጨረስ አራት ማታ ይፈጅባቸዋል። ሠላሳ በአራት አባዙት። በሦስት ወር ውስጥ እሳቸው፣ እህታቸውና እኛ ተጋግዘን ዘጠኝ ጨረስን።

ቀለሙን «ያረጀ» ለማስመሰል ሻይ ውስጥ መንከር ይቻላል ተብሎ ነከርን። ሻዩ ሲከር ጭቃ እንደሚመስል የነገረን አልነበረም። ለማድረቅ ደግሞ አንዷ አክስት፣ «እኛ በስኳር ውኃ ነበር የምናደርቀው፣ ቀጥ ይላል» አሉን። እውነት ነው፣ ቀጥ አለ። ጠዋት ስንነሳ ሦስቱን ጉንዳን ወርሶታል። ከዚያ ወዲህ በስታርች ሆነ። እትዬ ሻይ የምንነክርበትን ምክንያት ስንነግራቸው በጣም ነው የሳቁት። «አዲሱን አሮጌ ለማስመሰል ትደክማላችሁ፤ አሮጌው ሻንጣ ውስጥ ተቀምጦ?»

ልክ ነበሩ። አዲስ መሥራቱን አቁመን መሰብሰብ ጀመርን። ከአክስቶች፣ ከጎረቤት፣ ከዕድር አባላት ቤት አሥራ አራት አሮጌ ዳንቴል አገኘን። አንዱም ሌላውን አይመስልም። ዘጠኝና አሥራ አራት ሃያ ሦስት። ለቀሩት ሰባት ጠረጴዛዎች ሙዳይ ልንገዛ ወጣን።

እዚህ ላይ መናዘዝ ያለብን ነገር አለ። ሙዳዮቹን የሸጠችልንን ሴት ተከራከርናት። ለአንዱ የጠራችውን ዋጋ ወደ ግማሽ አወረድነው፣ በድል አድራጊነት ስሜትም ወደ ቤት ሄድን። ማታ ለእትዬ ስናሳይ ገልብጠው አዩት፣ ስፌቱን በጣታቸው ቆጠሩት፣ «ይሄ እኮ የስንት ቀን ሥራ ነው» አሉ። ስንደዶና አክርማው ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይነከራል፣ ከዚያ በወስፌ እየተወጋ ዙር በዙር ይሰፋል። እኛ ዴኮር ቤቱን ለናይለን ዳንቴል ኪራይ አንዲት ብር ቀንስልን አላልነውም። ደረሰኝና ጠረጴዛ ስላለው አፈርነው። መሬት የተቀመጠችዋን ሴት ግን አላፈርናትም። ለሁለተኛ ጊዜ ስንገዛ አልተከራከርንም። የመጀመሪያውን ግን መልሰን አልከፈልንም።

በእጅ የተሠራ ነገር ወዳጅ ነን የምንል ሁሉ እዚህ ነው የምንፈተነው። የእጅ ሥራን ማድነቅና ለእጁ መክፈል ለየቅል ናቸው። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ የምታዩት ጥለት ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ መወርወሪያ ሲወረውር የሚውል ሰው ሥራ ነው፤ ብዙዎቹ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ናቸው። ዋጋው ሲጠራ «ለቁራጭ ጨርቅ?» እንላለን። በፎቶ ሲመጣ ደግሞ «ሃንድሜድ ነው» ብለን እንሰግድለታለን።

*

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሳብን እናውቃለን።

አንደኛው ተከራይቶ መመለስስ ምን ነውር አለው የሚል ነው። እንዲያውም አንድ ዕቃ ለመቶ ሠርግ ማገልገሉ ቁጠባ ነው። እውነት ነው። እኛም ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ሰታቴውን የወሰድነው ከዕድር ነው። ኪራይን አንቃወምም። ወንበር የሚያስፈልገው ለመቀመጥ ነው፣ ሲያልቅ ይመለስ። የምንቃወመው ትዝታ መከራየትን ነው። የራስን አክስት ዳንቴል ሻንጣ ውስጥ ቆልፎ፣ የማንም ያልሆነውን የናይለን ዳንቴል በብድር ማንጠፍን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ያነሳችው አንዷ የራሳችን ጸሐፊ ናት። «ዳንቴሉን ስታሞግሱ የማንን ድካም እያሞገሳችሁ ነው? እናቶቻችን ቀን ሙሉ ሲለፉ ውለው ማታ በኩራዝ ዓይናቸውን ሲያፈዙ ማን ከፈላቸው? ወንዶቹ በዚያ ሰዓት የት ነበሩ?» አለችን። ጥያቄውን ለእትዬ አቀረብንላቸው። ሲመልሱ አላስዋቡትም። «አንዳንዱን ወድጄ ነው የሠራሁት። አንዳንዱን ደግሞ ሥራ ፈታች እንዳልባል ነው» አሉ።

ስለዚህ ያንን ዘመን መልሱልን አንልም። ይመለስ ቢባልም እትዬ ራሳቸው እሺ የሚሉ አይመስለንም። የምንለው፣ የተሠራው ሥራ እንዳይጣል ነው። አዲስ የሚሠራም ካለ ሴት ወንድ ሳይባል ይሠራ፣ የሚገዛም ይክፈል። ከእኛ መካከል በመጨረሻ ሳይጎብጥ ዳንቴል መሥራት የቻለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወንድ ነው። ሰፈር ውስጥ እስካሁን ይሾፍበታል።

*

የሠርጉ ዕለት የሆነውን አንድ ነገር ብቻ እንንገራችሁ።

ለእንግዶቹ ቦታ መድበን ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤት ወደ ተመደበላቸው ጠረጴዛ ስንወስዳቸው መሃል ላይ ቆሙ። ጎንበስ ብለው የሌላ ጠረጴዛ ዳንቴል ጠርዝ በጣታቸው ነኩ። «ይሄ የኔ ነው» አሉ። የእሳቸው ነበር፤ ልጃቸው ናት የሰጠችን። እዚያው ተቀመጡ፣ የተመደበላቸውን ቦታ ዞረውም አላዩት። እንጀራው ሲመጣ ዳንቴሉን እጥፍ አድርገው ወጥ እንዳይነካው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም እናቶች ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ የራሳቸውን ፍለጋ ገቡ። የእትዬ ፊት ላይ የዚያን ዕለት ሻንጣው ሲከፈት ያየነው ሐፍረት አልነበረም። በየትኛው ዴኮር ቤት ይሄ ይገኛል?

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ከመልስ በኋላ የት ገባ?

ሙሽሮቹ የሚኖሩት ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚንየም ተከራይተው ነው። አከራዩ «ሚስማር እንዳትመቱ» ብለዋል። ስለዚህ ረጅሙ የቡፌ ልብስ የኩሽና መስኮት መጋረጃ ሆነ፤ ቀጭን እንጨት ላይ ተሰክቶ፣ እንጨቱ ቀድሞ የነበረው ዘንግ ላይ ታስሮ። ሁለት ክብ ዳንቴል በጠቆረ ጨርቅ ላይ ተነጥፈው መስታወት ባለው ፍሬም ውስጥ ገቡ፤ ፍሬሙ መደርደሪያ ላይ ተደግፎ ይቆማል። አራቱ ትራስ ላይ ተሰፉ። እዚህ ጋ ምክር ቢጤ እንስጥ፦ በማጣበቂያ አታጣብቁ፣ ሲታጠብ ይቆሽሻልና። ጠርዙን ብቻ በመርፌ ያዝ ያዝ አድርጉት። ስታጥቡት ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ይሁን፣ አትጭመቁት። ገመድ ላይ ከሰቀላችሁት ይለጠጣል፤ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ጥርሱን ጥርሱን በስፒል ወጥራችሁ አድርቁት።

ጠርሙሶቹ በተሠሩበት ሥራ ላይ ናቸው፤ ሽሮ፣ በርበሬና ኮረሪማ ይዘዋል። አንደኛው ሙዳይ በር አጠገብ የቁልፍ ማስቀመጫ ሆኗል፣ ሌሎቹን ሚዜዎቹ ተካፍለዋቸዋል። ከነጠላ ቁራጭ ጥለት የጠረጴዛ ልብስ ጠርዝ ወጥቷል። ጆንያው ተቀርቶ ድንች ይዟል፤ ለነገሩ ሥራው ይኸው ነበር። ከጎረቤት የመጡት አሥራ አራቱ ዳንቴሎች ታጥበውና ተተኩሰው ለባለቤቶቻቸው ተመልሰዋል። ሁለት እናቶች ግን «ለጎጆዋ ይሁናት» ብለው አልቀበልም አሉ። የአባትየው ዕቁብ ደግሞ በተራው ወጥቶ አልጋና ሶፋ ተገዛበት።

ሶፋው መደገፊያ ላይ ምን እንዳለ መገመት አያቅታችሁም።

ይሄን የምታነቡ፣ በተለይ ከፋሲካ በኋላ ለምታገቡት፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ወደ ዴኮር ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አንድ እሑድ ከሰዓት ወደ እናታችሁ ወይም ወደ አክስታችሁ ቤት ጎራ በሉ። ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ ጠብቁ። ከዚያ ሻንጣው የት እንዳለ ጠይቁ። ልዋጭ ወስዶት ከሆነ አዝናችሁ ትመለሳላችሁ። ካለ ግን ከመክፈታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ።